ዶሮ ጥብስ ቤት ሊከፍት ያሰበ ባለሀብት መጀመሪያ ቢሾፍቱ ይድረስ

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ አያት የሚያልፍ ሰው ሲኤምሲ ሲደርስ የአዳዲሶቹን ሕንፃዎች ምድር ቤት ይቁጠር። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ በርገር ቤት፣ እንደገና ባንክ። ባንኮቹ የያዙትን ይዘዋል። የቀረውን ቦታ የሚያከራይ ባለሕንፃና የሚያገናኝ ደላላ ከያዙት ወሬ አንዱ ዶሮ ጥብስ ነው። ስም ያለው፣ ቀይ ታቤላ ያለው፣ በካርቶን ጠቅልሎ የሚሸጥ፣ አምስትና አሥር ቅርንጫፍ የሚኖረው ዶሮ ጥብስ ቤት። በ2017 በአካባቢው የተከፈተው አዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል ደግሞ የሚያመጣው እንግዳ እየተቆጠረ የኪራይ ዋጋ መደራደሪያ ሆኗል።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ሰሚትና አያት ድረስ የተዘረጋው ሰፈር ደመወዝተኛው፣ ነጋዴውና ከውጭ ተመላሹ ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ውለው ማታ ሲገቡ ወጥ የሚሠራ ሰው አይኖርም። ገዥ አለ ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ የሚጨነቀው ስለ ገዥው ሳይሆን ስለ ዶሮው ነው። ብዙ ባለሀብት ገንዘቡን ለታቤላው፣ ለመስታወቱና ለቁልፍ መስጫ ከጨረሰ በኋላ ዶሮውን ከገበያ እንደሚገዛ አድርጎ ያስባል። በዓለም ላይ በዶሮ ጥብስ የከበረ ኩባንያ ግን እንዲህ አስቦ የከበረ የለም።

ትልቁን ምሳሌ እንውሰድ። ሃርላንድ ሳንደርስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 የዓለም ኢኮኖሚ በተንኮታኮተበት ወቅት በኬንታኪ ክፍለ ግዛት፣ ኮርቢን በምትባል ከተማ ዳር ነዳጅ ማደያ ነበረው። ለመንገደኛ ምግብ ማቅረብ የጀመረውም እዚያው ማደያው ውስጥ ነው። «ኮሎኔል» የሚለው ማዕረጉ የጦር ሜዳ አይደለም፤ የክፍለ ግዛቱ ገዥ በ1935 የሰጠው የክብር መጠሪያ ነው። ዶሮ በመጥበሻ ሲጠበስ ግማሽ ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ መንገደኛ ደግሞ አይጠብቅም። ሳንደርስ በ1939 ግድም የግፊት ድስትን ለጥብስ በማዋሉ ሰዓቱን አሳጠረው። «ፈጣን ምግብ» የሚለው ስም በዶሮ ላይ የሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። በማግሥቱ ዓመት አሥራ አንድ ዓይነት ቅመም ያለበትን ቅልቅል ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ ነጋዴ የበለጠ ይጠቅማል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲሱ አውራ ጎዳና ከምግብ ቤቱ ርቆ እንዲያልፍ ተወሰነ። መንገደኛው ሲቀር ቤቱ ዋጋ አጣ፤ በ1956 በሐራጅ ተሸጠ። ሳንደርስ በ66 ዓመቱ የቀረው ነገር በወር 105 ዶላር የጡረታ ገንዘብና ያ ቅመም ነበር። (በቅርቡ የኮሪደር ልማት መንገድ ሲሰፋ ግቢው ፊት ለፊት የነበረ መኪና ማቆሚያ የጠፋበት የቦሌ ባለካፌ የሳንደርስን ስሜት ሳይነገረው ያውቀዋል።) ሽማግሌው ድስቱንና ቅመሙን መኪና ላይ ጭኖ ከከተማ ከተማ ዞረ። ምግብ ቤት አልከፈተም። የሌሎች ምግብ ቤቶች በእሱ አሠራር እንዲጠብሱ አስፈርሞ ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ ዶሮ አራትና አምስት ሳንቲም ይወስድ ጀመር። የመጀመሪያው ተፈራራሚ ቀደም ብሎ በ1952 በሶልት ሌክ ሲቲ የተገኘው ፒት ሃርማን ነው። ቅመሙን የምትቀላቅለውና በፖስታ የምትልከው የሳንደርስ ባለቤት ክላውዲያ ነበረች።

በ1964 ሳንደርስ ድርጅቱን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ከ600 በላይ ቤቶች በስሙ ይጠብሱ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ሂውብላይን የተባለው የመጠጥ ኩባንያ የገዛው በ285 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ1986 ፔፕሲኮ ወሰደው፤ በ1997 ደግሞ ፒዛ ሃትንና ታኮ ቤልን ጨምሮ ለብቻው እንዲወጣ አደረገው። ዛሬ ያም ብራንድስ የምንለው ኩባንያ እሱ ነው። የኬ.ኤፍ.ሲ ቤቶች ቁጥር አሁን ከ30 ሺህ በላይ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቻይና ውስጥ ናቸው። እዚያ የመጀመሪያው የተከፈተው በ1987 ቤይጂንግ ነው።

ይህን ታሪክ የሚተርክ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅመሙ ላይ ይቆማል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ዶሮ ምን ያህል ይረክስ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ የሥጋ ዶሮ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ግድም ለመመዘን 112 ቀን ይፈጅበት ነበር። በዛሬው ዝርያና መኖ ከ50 ቀን ባነሰ ጊዜ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኖ አምራቾችና አራጆች ጫጩትና መኖ ለገበሬ በውል እየሰጡ የደረሰውን መልሰው የሚረከቡበት አሠራር ተስፋፋ፤ ዶሮ የእሑድ ምሳ መሆኑ ቀርቶ የየቀኑ ምግብ ሆነ። ሳንደርስ በመኪናው ሲዞር በየሄደበት ከተማ በአንድ መጠን የተቆረጠ ርካሽ ዶሮ ይጠብቀው ነበር። እሱ የሸጠው አሠራሩን ነው፤ ጥሬ ዕቃውን አገሩ አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል።

አሠራሩ ጥሬ ዕቃው ወደሌለበት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኬ.ኤፍ.ሲ ናይሮቢ የገባው በ2011 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በጥር 2022 ድንች ጥብስ አለቀበት። ኬንያ ውስጥ ድንች ጠፍቶ አልነበረም፤ ገበሬው ገዥ አጥቶ የሚያማርርበት አገር ነው። ኩባንያው ግን የተቆረጠ ድንች ከውጭ ያስመጣ ነበርና መርከብ ሲዘገይ ደንበኛው ከዶሮው ጋር ሌላ ነገር እንዲመርጥ ተጠየቀ። የአገሩ ድንች የጥራት ማረጋገጫውን ገና እንዳላለፈ ሲነገር ሕዝቡ «አትብሉበት» ብሎ ተነሣ። ኩባንያው የአገር ውስጥ አቅራቢ እፈልጋለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በየካቲት 2018 የማጓጓዣ ኩባንያ ስለለወጠ ብቻ ከ900 ቤቶቹ አብዛኞቹ ዶሮ አጥተው ተዘግተዋል። ዶሮ ጥብስ ቤት ያለ ዶሮ የተዘጋው በእንግሊዝ ከሆነ በእኛ አገር ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስላው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕጉ ራሱ መንገዱን ያሳያል። በ2012 የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤትና ቡና ቤትን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሏል፤ ባለኮከብ የባህል ምግብ ቤት ብቻ ከክልከላው ወጥቷል። ስለዚህ የውጭ ስም የሚመጣው ኢትዮጵያዊ ባለፈቃድ ይዞ ነው። በሚያዝያ 2010 ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ሲገባ ያመጣው በላይአብ ፉድስ የተባለ የአገር ውስጥ ኩባንያ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ፒዛ ሃትና ኬ.ኤፍ.ሲ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ፒዛው ቀድሞ መግባቱ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አያስገርምም። ፒዛ ቺዙን ትቶ ይጾማል፤ ዶሮ ግን አይጾምም።

ሌላው ምሳሌ የራሳችን ነው። ወይዘሮ ፀደይ አስራት በ1990ዎቹ አጋማሽ የስታርባክስን አሠራር አይተው ካልዲስ ኮፊን ሲከፍቱ የሰው ስም አልተከራዩም። ቡናው አገር ውስጥ ስላለ ስሙን ራሳቸው አወጡ። ቅርንጫፉ ሲበዛ ማኪያቶ የሚፈልገው ወተት ነውና ወደ ወተት ሥራም ገቡ፤ ሎኒ የሚባለው የወተት ድርጅት የካልዲስ እህት ኩባንያ ነው። ለዶሮ ነጋዴ የሚሆነው ትምህርት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደንበኛው የሚያየው አረንጓዴውን ታቤላ ነው፤ ቅርንጫፎቹን የሚያቆያቸው ግን ወተቱ ነው።

እንግዲህ ዶሮውን እንቁጠር። አሥር ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ይመሥረት እንበል፤ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ ገርጂ፣ ቦሌ ሁለት፣ ሌላውንም ጨምሩ። እያንዳንዱ ቤት በቀን 150 ዶሮ ይጥበስ። በቀን 1,500 ዶሮ ነው። የሥጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት ይደርሳል ብንል በማንኛውም ቀን ቤት ውስጥ እያደጉ ያሉ 63 ሺህ ዶሮዎች ያስፈልጋሉ፤ የሚሞተውን ሳንቆጥር። አንዱ ዶሮ እስኪደርስ 3 ኪሎ መኖ ቢበላ የቀን ፍጆታው 45 ኩንታል መኖ ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ በቆሎ ነው፤ 27 ኩንታል ብንለው በዓመት ወደ 10 ሺህ ኩንታል በቆሎ ይጠጋል። ይህ ሁሉ ለአሥር ምግብ ቤት ነው! አኩሪ አተሩ፣ የኑግ ፋጉሎው፣ ከውጭ የሚመጣው ቫይታሚንና ክትባት ገና አልተነሣም። ከዶሮ እርባታ ወጪ ትልቁ መኖ እንደሆነ ቢሾፍቱ ያለ ማንኛውም አርቢ ይነግራችኋል። በሌላ አነጋገር ዶሮ ጥብስ ቤት የከፈተ ሰው ሳያውቀው የበቆሎ ነጋዴ ሆኗል፤ የክረምቱ በቆሎ ሲወደድ የጥብሱ ትርፍ ይሸሻል።

በአገሪቱ ዶሮ ጠፍቶ አይደለም። ከ50 ሚሊዮን በላይ አለ፤ አብዛኛው ግን በገጠር ጓሮ ለቅሞ የሚያድር የሐበሻ ዶሮ ነው። ይህ ዶሮ ለወጥ ንጉሥ ነው። ዕድገቱ ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዱ ከአንዱ በክብደት አይመሳሰልም። የኛ እናት ዶሮን 12 ብልት ታወጣዋለች፤ ኬ.ኤፍ.ሲ 9 ቦታ ይቆርጠዋል። ልዩነቱ የሦስት ቁራጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእሱ ዘጠኝ ቁራጮች በሁሉም ቤት በአንድ ደቂቃ እንዲበስሉ ዶሮዎቹ እኩል መመዘን አለባቸው። ለሐበሻ ዶሮ ይህን ማዘዝ አይቻልም። በትልቅነቱ ስሙ የሚነሣው ኢትዮቺክን እንኳ ገበያውን የሠራው በምግብ ቤት ሳይሆን በገጠር ነው፤ የሚያሰራጨው ሳሶ የተባለውን እንቁላልም ሥጋም የሚሰጥ ዝርያ ነው። በ2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ጫጩት ለቤተሰብ ማዳረስ ላይ ያተኮረ ነው። ለጥብስ የሚሆነውን ፈጣን የሥጋ ዶሮ በዋናነት የምናገኘው ኤልፎራ፣ አለማና ጀነሲስ ከሚገኙበት ከቢሾፍቱና ከአካባቢው ነው።

አሁን ወደ ጾሙ። የኦርቶዶክስ ምዕመን ሁሉ እንዲጾም የሚጠበቅበት ቀን በዓመት ከ180 አያንስም። ሁሉም ይጾማል ማለት አይደለም፤ ሲኤምሲ ውስጥ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም የማይጾመውም አለ። የኪራይ ሒሳብ ግን ለዚህ ግድ የለውም። የወር ኪራይ 300 ሺህ ብር ነው ብለን እናስላ፤ የቀኑ 10 ሺህ ይሆናል። በፍስክ ቀን 200 ሰው ከገባ በአንድ ደንበኛ ላይ የሚያርፈው ኪራይ 50 ብር ነው። በጾም ቀን ገዥው ወደ 80 ከወረደ 125 ብር ይሆናል። ድንች ጥብስና አትክልት ሸጦ ይህን መሸፈን ይከብዳል። በቅበላ ሳምንት ወረፋ አይቶ ውል የሚፈርም ሰው የዓመቱን ግማሽ አላየም።

ኬ.ኤፍ.ሲ ጃፓን ውስጥ በ1974 በጀመረው ማስታወቂያ ገናን የዶሮ ጥብስ በዓል አድርጎታል። እኛ ዘንድ ዶሮ ያለ ማስታወቂያም የበዓል ምግብ ነው፤ ለጥብስ ቤቱ ችግር የሚሆነውም ይኸው ነው። በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የዶሮ ዋጋ ጣሪያ ይነካል፤ ሁሉም ግን የሚበላው ቤቱ ነው። ጥብስ ቤቱ ጥሬ ዕቃውን በውድ በሚገዛበት ሳምንት ወንበሩ ባዶ ነው። ገዥው የሚመጣው የቤቱ ወጥ ሲያልቅና ሲሰለች፣ ከበዓሉ ሦስትና አራት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ የሚቆዩት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው፤ ለዚህ ንግድ ወርቅ ናቸው።

ለእነዚህ ቀናት መዘጋጀት የሚጀመረው ግን መቼ ነው? እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን፣ ጫጩት ለመድረስ 42 ቀን፣ በድምሩ 63 ቀን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የፋሲካ ዶሮ እንቁላሉ መፈልፈያ ውስጥ መግባት ያለበት ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው ቅበላ ላይ ሳለ። አርቢው ይህን የሚያደርገው በእጁ የተፈረመ የግዢ ውል ካለው ብቻ ነው። ውል ከሌለው ጾም ሲመጣ ቤቱን ባዶ ማድረግን ይመርጣል፤ ትክክልም ነው። የደረሰ የሥጋ ዶሮ ቀን በጨመረ ቁጥር የሚበላው መኖ ከሚጨምረው ሥጋ ይበልጣል። አርዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስቀምጠው ካለ መብራት የማይጠፋበት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በ1998 የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲናፈስ በሽታው አገር ውስጥ መግባቱ ሳይረጋገጥ የዶሮ ገበያ እንዴት እንደወደቀ የሚያስታውስ አርቢ ደግሞ ያለ ውል ጫጩት አያስገባም።

ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። ዶሮውን ማን ይረደው? በአገራችን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት ተለይቶ ይኖራል፤ ደንበኛውም አይቶ ነው የሚገባው። አንድ ታቤላ ያለው ድርጅት በሲኤምሲ ሚካኤል አጠገብና በቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ሰፈር እኩል ልሽጥ ካለ ሁለት የዕርድ መስመር፣ ሁለት ማጓጓዣና ሁለት መጥበሻ ያስፈልገዋል፤ ወይም ከሁለቱ አንዱን ገበያ ከመጀመሪያው ይተዋል። ናይሮቢ ላይ ይህ ጥያቄ ሐላል በሚል ማረጋገጫ ተዘግቷል፤ እዚህ አይዘጋም። በዕቅድ ወረቀት ላይ «የአዲስ አበባ ነዋሪ በሙሉ» ብሎ ገበያ የሚያሰላ ሰው ቁጥሩን ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀንሰው።

የውጭ ምንዛሪውን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተብሎበታልና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በጥቅምት 2015 በ38 የዕቃ ዓይነቶች ላይ የተጣለው የምንዛሪ ክልከላም ያኔ ተነሥቷል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ዶላር በስንት እንጂ ዶላር አለ ወይ አይደለም። ለስም ባለቤት ከሽያጭ በመቶኛ የሚከፈለው በብር ሲሰላ ምንዛሪ ስለተለወጠ አይጨምርም። የሚያቆስለው በዶላር የተቆረጠው ነው፤ የመግቢያ ክፍያው፣ የግፊት መጥበሻው፣ መለዋወጫው። ዘይቱም እንዲሁ፤ አብዛኛው የምግብ ዘይታችን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ገንዘብ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ምሥራቅ አዲስ አበባ አንድ ዕድል አለው። ከሲኤምሲ በሰሚትና በጎሮ በኩል ቱሉ ዲምቱ ከተደረሰ ፈጣን መንገዱ ቢሾፍቱን ጎረቤት አድርጎታል። የታረደ ዶሮ ንጋት ላይ ተጭኖ ከሥራ ሰዓት በፊት ቅርንጫፍ ይደርሳል፤ ፒያሳና ኮልፌ ያለ ነጋዴ ይህ የለውም። እኔ ብሆን ለአሥር ቤት የሚሆን ገንዘብ ይዤ ሦስት ቤት ብቻ እከፍታለሁ። የቀረውን ከአንድ አርቢ ጋር በሚደረግ ውል፣ በንጹሕ ማረጃና በማቀዝቀዣ ላይ አውለዋለሁ። ጾም ሲገባ ማረጃው ለሆቴልና ለአየር መንገድ ምግብ አቅራቢ ይሸጣል፤ ምግብ ቤት ብቻ ያለው ግን ወንበሩን ያያል። የውጭ ስም ማምጣት የሚፈልግም መከልከል የለበትም። የስሙ ባለቤት የዶሮው ጥራትና ክብደት ይህ ይሁን ብሎ ሲያስገድድ አርቢዎቻችን ወደዚያ ደረጃ ይወጡ ይሆናል፤ ናይሮቢ ላይ ግን ለድንች አሥር ዓመት ፈጅቷል።

የአክሲዮን ሽያጭ የለመደው ከተሜ ገንዘብ አዋጪም ይህን ይመለከተዋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁሉም ነገር በአክሲዮን ይሁን የሚል ስሜት አለ፤ የምግብ ቤት ሰንሰለትም ተራው ይደርሳል። አክሲዮን ሻጩ ቆንጆ የሕንፃ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ሁለት ወረቀት ጠይቁት። አንደኛው ከዶሮ አርቢ ጋር የተፈረመው ውል ነው፤ መጠኑ፣ ክብደቱና የጾም ወራት ርክክቡ የተጻፈበት። ሁለተኛው ቀድሞ የከፈተው ቤት ካለ የመጋቢት ወር የሽያጭ መዝገብ ነው። የመስከረሙን ሳይጠየቅም ያሳያችኋል።